በበጋ የደረቀ የምድር ቤት ግድግዳ አያታልላችሁ

ደሴ ውስጥ፣ በተለይም በጦሳ ተራራ ግርጌ ባሉ ሰፈሮች፣ ቁልቁለት ላይ የተሠራ ቤት ያላችሁና ምድር ቤታችሁን አሳምራችሁ ለማከራየት ያሰባችሁ ሁሉ፣ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን እንድታነቡልኝ እጠይቃለሁ።

የእኔ ምድር ቤት የኋላ ግድግዳ ሁለት ሜትር ያህል አፈር ውስጥ የተቀበረ የድንጋይ ግንብ ነው። ባለፈው ዓመት የካቲት ላይ አንድ የፊኒሺንግ ሥራ ተቋራጭ ግንቡን በመዳፉ ዳስሶ «ደረቅ ነው» ካለ በኋላ፣ ፕላስቲክ ወጥሮ፣ በብረት ፍሬሞቹ መካከል ፋይበር ግላስ ሞልቶ፣ በላዩ ጂፕሰም ቦርድ ገጥሞ ሲያስረክበኝ ቤቱ እንደሚሞቅና እርጥበት የሚባል ነገር እንደማይታይበት አስረዳኝ። «አብሽሩ፣ ክረምት ሲገባ ያመሰግኑኛል» አለኝ። 180,000 ብር ከፈልኩት።

ነሐሴ ላይ በሩን ስከፍት የራሰ ጆንያ ሽታ ተቀበለኝ። አንዱን ቦርድ በካቻቢቴ ፈትቼ ሳወርደው የጀርባው ወረቀት በጥቁር ሻጋታ ተዥጎርጉሯል፤ ፋይበሩ ውሃ እንደጠጣ ጋቢ ከብዶ ወደ ታች ተንሸራቷል፤ የታችኛው ብረት ዝጓል፤ ከፕላስቲኩ ጀርባ ደግሞ ውሃው ጠብታ እየሠራ ይወርዳል። ግንቡ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ነበር። ይህ ውሃ ከአፈሩና ከግንቡ አሟሙቶ ያመጣው፣ ሲተን ጥሎት የሚሄደው ጨው ነው። የሚቆጨኝ፣ ጨው የካቲትም ላይ እዚያው ነበረ፤ ሰውዬው በቡርሽ ሲጠርገው የኖራ ትራፊ መስሎኝ ዝም አልኩ።

ተቋራጩን ስጠራው «አየር ስለማያስገቡ ነው» አለኝ። በእርግጥ የቤት ውስጥ እንፋሎትም ቀዝቃዛ ግድግዳ ሲያገኝ ወደ ውሃ ይለወጣል፤ ነገር ግን የትኛው እንደሆነ መለየት ቀላል ነው። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ፕላስቲክ ራቁት ግድግዳው ላይ አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር አሽጋችሁ፣ በተቻለ መጠን ዝናብ በበረታበት ሰሞን፣ ሁለት ቀን አቆዩት። ውሃው ከፕላስቲኩ ጀርባ ከተገኘ የመጣው ከግንቡ ነው፤ ፊት ለፊቱ ከራሰ ግን ከክፍሉ አየር ነው። የእኔ ከጀርባ ነበር።

ከግንቡ የሚመጣን ውሃ ከውስጥ በኩል በማልበስ ማዳን አይቻልም፤ መደበቅ እንጂ። ሥራው የሚጀምረው ከውጭ ነው፦ የአሸንዳውን ውሃ ከቤቱ ማራቅ፣ አፈሩ በመጀመሪያው ሦስት ሜትር ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ከቤቱ ወደ ውጭ እንዲያዘቀዝቅ ማድረግ፣ ከዚያም ግንቡን እስከ መሠረቱ አስቆፍሮ በሬንጅ መቀባትና ከሥሩ ቀዳዳ ያለው ቱቦ በጠጠር ሸፍኖ መቅበር። ቁልቁለት ላይ ያለን ሰዎች ቱቦውን ወደ ታች አውጥተን ማፍሰስ አይከብደንም፤ ኮምቦልቻ ሜዳው ላይ ያላችሁ ግን መውጫውን አስቀድማችሁ ብታስቡበት ይሻላል።

ግንቡ አንድ ክረምት ሙሉ ደርቆ ከታየ በኋላ፣ ሙቀት ለመያዝ ከፋይበር ግላስ ይልቅ ፖሊስታይሪን የሚባለውን ጠጣር ፎም ግድግዳው ላይ ክፍተት ሳይተዉ መለጠፍ ይመረጣል። ውሃ እምብዛም አይመጥም፣ የክፍሉ አየርም ቀዝቃዛውን ግንብ እንዳይነካ ይከለክላል። ጂፕሰም ቦርዱም ከወለሉ አንድ ሁለት ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይገጠም።

ውሉን በተመለከተ፣ የእኔ የሚለው «ግድግዳ ማልበስ» ብቻ ነበር፤ አልብሷል፣ ስለዚህ የምጠይቀው አጣሁ። እናንተ የውሃ መከላከሉ ሥራ ምን ምን እንደሚያካትት በዝርዝር አስጽፉ፤ ከክፍያው ጥቂት የማይባለውንም እስከ መስከረም ድረስ እንድታቆዩ ተስማሙ። እኔ አሁን ግንቡን አራቁቼ ከኋላ በኩል ቦይ እያስቆፈርኩ ነው፤ አዲሱ ሠራተኛ የመጨረሻውን ሲሶ የሚቀበለው ክረምቱ ሲወጣ፣ ፕላስቲኩን እንደገና ለጥፈን አብረን ካየነው በኋላ ነው።