ላኪ ሉክ ልትገዙ ነው? ከሽፋኑ በፊት የጸሐፊውን ስም እዩ

ላኪ ሉክ በሥዕል የሚተረክ የካውቦይ ታሪክ ነው፣ እያንዳንዱ መጽሐፍ «አልበም» ይባላል፣ ሽፋኖቹም ሁሉ ይመሳሰላሉ። ነጭ ኮፍያ፣ ቢጫ ሸሚዝ፣ ነጭ ፈረስ። ውስጣቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይለያያል፣ እኔም ይህን ያወቅኩት ገንዘቤን ካፈሰስኩ በኋላ ነው። («ላኪ» ስል ዕቃ ላኪ አይደለም፣ «እድለኛው ሉክ» ማለት ነው።)

ቤልጂየማዊው ሠዓሊ ሞሪስ ይህን ከጥላው ቀድሞ የሚተኩስ ካውቦይ የፈጠረው በ1946 ነው፤ ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ድርሰቱንም በአብዛኛው ራሱ ነበር የሚጽፈው። እነዚያን ሰብስበው የጠረዟቸው ወፍራም ጥራዞች አሉ፣ እኔ ሞኙ የጀመርኩት ከነሱ ነው። ቀልዱ ሩጫና ድብድብ ይበዛበታል። ለሰብሳቢ ይሁን፣ ለጀማሪ ግን አይመከርም።

በ1955 ረኔ ጎሲኒ (የሌላው የሥዕል ታሪክ የ«አስቴሪክስ» ጸሐፊ) ድርሰቱን ሊጽፍ ገባበት። ልዩነቱን በሽፍቶቹ በዳልተኖች ታዩታላችሁ። እውነተኛው የዳልተን ቡድን በ1892 ካንሳስ ውስጥ፣ ኮፊቪል በምትባል ከተማ፣ ሁለት ባንክ በአንዴ ሊዘርፍ ሲል ነው ያበቃለት። ሞሪስም በራሱ ታሪክ ገድሏቸው ነበር። ጎሲኒ ግን የአጎት ልጆች ፈጥሮ አመጣላቸው፦ አራቱም መልካቸው አንድ፣ ቁመታቸው እንደ ደረጃ፣ አጭሩ ጆ ሁሌ እንደተናደደ፣ ረጅሙ አቬረል ሁሌ እንደራበው። የእስር ቤቱ ውሻ ራንታንፕላን ደግሞ የሚያመልጥ እስረኛ ሲያይ ጭራውን ይቆላል። ጎሲኒ እስከሞተበት 1977 ድረስ ከወጡት አንዱን አንሱ፣ አትከስሩም።

የአሁኖቹስ? ሞሪስ በ2001 ካረፈ በኋላ የሚሥለው አሽዴ ነው። እጁ ከሞሪስ ብዙም አይለይም፣ ድርሰቱ ግን አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ ይላል። በ2020 ጁል የተባለው ጸሐፊ የጻፈለት ግን ከሌሎቹ ለየት ይላል። ሉክ ሉዊዚያና ውስጥ የጥጥ እርሻ ይወርሳል፣ ከባርነት ወጥቶ ሕግ አስከባሪ የሆነው ባስ ሪቭስም (በእውን የነበረ ሰው ነው) ታሪኩ ውስጥ አለ። የድሮዎቹ አልበሞች ጥቁሮችን፣ ቻይናዎችንና የአሜሪካ ቀደምት ሕዝቦችን የሚሥሉበት መንገድ አንዳንዴ ያሳፍራል፤ አሜሪካ ልጅ የምታሳድጉ ይህንን የ2020ውን ከጎናቸው አድርጉለት፣ ወይም አብራችሁ ቁጭ ብላችሁ አንብቡ። ሲጋራም የሚያሳስባችሁ ካላችሁ፣ ሉክ በ1983 ነው በሣር የተካው፤ ከዚያ በፊት ከአፉ አይወርድም።

ሌላው ሠዓሊ ማቲዩ ቦንኦም በ2016 ያወጣው ደግሞ ጨለም ያለ፣ ለአዋቂ የሚሆን ነው። ሥዕሉ ያምራል። ሳቅ ፈልጋችሁ ከሆነ ግን ይቅርባችሁ።

እኔ ዛሬ ብጀምር በ1958 የወጣውን የዳልተን የአጎት ልጆች ታሪክ እገዛ ነበር፣ ቀጥዬ «ቢሊ ዘ ኪድ» የሚለውን አልበም። ሁለቱም በእንግሊዝኛ አሉ፣ ስስ አልበም ስለሆኑ ባትወዱት እንኳ ኪሳችሁ ብዙ አይጎዳም። ኦንላይን ስታዝዙ ብቻ ቋንቋውን ሁለቴ አረጋግጡ። እኔ ሥዕሉን ብቻ አይቼ አዝዤ በፈረንሳይኛ መጣልኝ፣ አሁንም ሥዕሉን ብቻ ነው የማየው።