የእንስሳት ተረት መልመጃው፦ ጥያቄው ጎበዝ፣ መልሱ ግትር

ልጆች ተረት አንብበው የእንስሳውን ጠባይ ራሳቸው እንዲደርሱበት የሚያለማምድ መጽሐፍ ገዝቼ ከልጄ ጋር እየሠራንበት ነው። ታሪኮቹ አጫጭር ናቸው። ከእያንዳንዱ ሥር ሁለት ጥያቄ አለ፦ ይህ እንስሳ ምን ዓይነት ነው? በምን አወቅህ?

የመጽሐፉ ዋጋ ያለው ሁለተኛዋ ጥያቄ ላይ ነው። የመጀመሪያዋን ልጆች በአንድ ቃል ይገላገሏታል። «በምን አወቅህ» ሲባሉ ግን ወደ ጽሑፉ መመለስ ግድ ይላል፤ እንስሳው ምን አደረገ፣ ምን ተናገረ፣ ሌሎቹ ሲያዩት ሸሹ ወይስ ቀረቡ፣ ማንም በሌለበትስ ምን ሠራ?

በጣም የወደድኩት የኤሊዋን ነው። ወንዝ ላይ ግንድ ተጋድሟል፣ እንስሳቱ በእሱ ይሻገራሉ። ኤሊ ዳር ቆማ ሁሉንም ታሳልፋለች። ጦጣ «ነይ እንጂ!» ስትላት አንገቷን ወደ ውስጥ ትሰበስባለች። የመጨረሻው አልፎ ግንዱ መወዛወዙን ሲያቆም እግሯን ታነሳለች። አለቀ። ፈሪ ናት፣ ታጋሽ ናት የሚል ቃል አንድም ቦታ የለም።

ልጄ ወዲያው «ፈሪ!» አለች።

በምን አወቅሽ?

«አንገቷን ደበቀቻ!»

እሺ፣ ፈሪ ከሆነች ታዲያ ለምን ተሻገረች? ዝም አለች። ተመልሳ አነበበችው። «ግንዱ እስኪቆም ጠብቃ ነው... ፈርታለች፣ ግን ታስባለች።» ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? ፍርሃቱ የዚያች ሰዓት ስሜት ነው፣ ጥንቃቄው ጠባይዋ ነው፣ ልጅቷ ማንም ሳይነግራት ለየችው።

ከኋላ መልሱን ስናይ ግን «ታጋሽ» ብቻ ይላል። በቃ! ጠንቃቃ ያለ ልጅ ተሳሳተ ማለት ነው? «ክፉ ናት» ቢል ገባኝ፣ ለዚያ ጽሑፉ ውስጥ ምንም ፍንጭ የለም። ፍንጩን በጣቱ የሚያሳይን ልጅ ግን እንዴት ኤክስ ታደርጉበታላችሁ?

ሌላው ድክመቱ ጅብና ቀበሮ ሲመጡ ነው። ጅቡ ገና ሲገባ «ሆዳሙ አያ ጅቦ» ይባላል፣ ሥዕሉ ላይ ምራቁ ይንጠባጠባል፣ ከዚያ ጥያቄው «ጅቡ ምን ዓይነት ነው?» ይላል። ምኑን ይገመት? «ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» ሲባል እኮ ሆዳም የሚል ቃል የለበትም፣ አስመሳይ የሚልም የለበትም፣ ቁርበቱ የት እንደሚገባ የሚያውቀው ሰሚው ነው። ደግሞ የዱሩና የተረቱ ጅብ አንድ እንዳልሆኑ የሚያነሳ ገጽ ቢኖር ጥሩ ነበር። ነጠብጣባማው ጅብ ጥንብ ብቻ የሚጠብቅ አይደለም፣ ራሱም ጎበዝ አዳኝ ነው፤ መንጋው ውስጥ የበላይነቱም የሴቶቹ ነው። ልጄ ይህን ስትሰማ ተረቱን እንደገና ልጻፈው አለች።

የአህያው ታሪክ ግን ይክሳል። አህያው ገደል ዳር ባለ መንገድ ላይ ቆሞ አልሄድም ይላል። ሁሉም «ግትር» እያሉ ይሰድቡታል። ማታ ዝናብ ይጥላል፣ ጠዋት መንገዱ ተንዷል። እዚህ ልጁ ሌሎቹ የሚሉትን ከሚያየው ጋር ማመዛዘን አለበት፣ ስለ አንድ ገጸ ባሕርይ የሚነገር ሁሉ እውነት አይደለምና። (እውነተኛው አህያም ስጋት ሲገባው ከመሮጥ ይልቅ ቀጥ ብሎ መቆም ይቀናዋል፣ ግትር የተባለው በዚያ ነው።)

ከአምስት ኮከብ አራት ሰጥቼዋለሁ። የምትገዙ ካላችሁ የመልሱን ገጾች ቀድዳችሁ አስቀምጡ፣ የጅቡን ሥዕል ደግሞ ታሪኩ ተነቦ እስኪያልቅ በእጃችሁ ሸፍኑት። ማንበብ ላልጀመረ ልጅም ይሆናል፣ እናንተ ካነበባችሁለት።