በቨርጂኒያ ሕፃናትን በቤት መጠበቅ፦ በፈቃድ ወይስ ያለ ፈቃድ?

በቨርጂኒያ ከራሱ ልጆች ሌላ እስከ 4 ሕፃናት በቤቱ የሚጠብቅ ሰው የግዛቱን ፈቃድ የማውጣት ግዴታ የለበትም፤ ከ5 እስከ 12 ለሚጠብቅ ግን ፈቃዱ ግድ ነው። ሆኖም እንደ ፌርፋክስ ያሉ ካውንቲዎች ለአነስተኛው ቁጥርም የራሳቸውን ፈቃድ ስለሚጠይቁ፣ የጎረቤት ወሬ ይዞ ሥራ መጀመር (ብዙዎቻችን የምናደርገው ይህንኑ ነው) አያዋጣም።

ያለ ፈቃድ የሚሠራ ሰው የወረቀት ጣጣው ይቀንስለታል፤ ገቢው ግን በአራት ልጅ ይወሰናል።

ፈቃድ የሚያወጣው ደግሞ የወንጀል ታሪክ ምርመራና የመጀመሪያ ዕርዳታ ሥልጠና ያሟላል፤ መድኃኒቱንና በረኪናውን ይቆልፋል፤ በምትኩ የፌዴራል መንግሥቱ ለሕፃናት ምግብ የሚከፍለውን ድጎማ ለማግኘት ማመልከት ይችላል። ይሁንና 12 የሚለው ቁጥር ሊያሳስት አይገባም፤ ግዛቱ ለእያንዳንዱ ልጅ እንደ ዕድሜው ነጥብ ይሰጣል፤ አንድ ጠባቂ ብቻውን ሲሠራ የልጆቹ ድምር ከ16 ነጥብ ማለፍ አይፈቀድለትም፣ ከ16 ወር በታች ያለ ጨቅላ 4 ነጥብ፣ ከ2 እስከ 4 ዓመት ያለ ልጅ ደግሞ 2 ነጥብ ይይዛል። ስለዚህ ጨቅላዎችን ብቻ ለምትጠብቅ እናት ፈቃዱ ያለ ረዳት አምስተኛ ልጅ አይጨምርላትም፤ የሦስት ዓመት ልጆችን ለምትቀበለው ግን ቁጥሩን ወደ 8 ስለሚያደርሰው፣ በእኔ እምነት ድካሙን ይክሳል።