«ካምቢዮ የላትም» የተባለችው መኪናዬና የማይመጣው ሴሚያስ

ሻጩ ያለኝ ይህን ነበር፦ «ኤሌክትሪክ ናት ጌታዬ! ካምቢዮ የላት፣ ፍሪሲዮን የላት፣ ዘይት የላት። ምኗ ይበላሻል?» ያኔ መልስ አልነበረኝም። ደብረ ማርቆስ ላይ ወራት ከነዳኋት በኋላ ግን መልሱን አግኝቼለታለሁ። ሴሚያሷ፣ ማለትም ከሞተሩ ወደ ጎማው ኃይል የሚያደርሰው ዘንግ፣ ይበላሻል።

መኪናዋ ዝቅ ያለች፣ በኋላ ጎማ የምትነዳ፣ ባለ አራት በር የቻይና ስፖርት ናት። የፋብሪካውንም የአስመጪውንም ስም አልጠራም፤ ጉዳዬ ገና አላለቀም፣ ዕቃውም በእነሱ እጅ ነው።

ድምፁን መጀመሪያ የሰማሁት ከግቢ ወደኋላ ወጥቼ ወደፊት ስቀይር ነው። «ቃ!» አለ። አንድ ጊዜ ብቻ። ጣቱን የሚያንቋቋ ሰው ከኋላ ወንበር የተቀመጠ ነው የሚመስለው። ጠጠር ይሆናል ብዬ ተውኩት። ቆይቶ በየቀኑ መጣ። ከዚያ ደግሞ ማርሽ መቀየር እንኳን ሳያስፈልግ፣ ነዳጅ መስጫውን (ልማድ ሆኖብኝ ነው እንጂ ነዳጅስ የለም) ለቀቅ አድርጌ መልሼ ስረግጥ ሁሉ «ቃ» ማለት ጀመረ። ድምፅ የሌለው መኪና ክፋቱ ይሄ ነው። አሮጌ ኮሮላ ውስጥ ብሆን ኖሮ ይህን ድምፅ ሬድዮኑም፣ ሞተሩም፣ የበሩ መንቀጥቀጥም ውጠውት ዓመት ሙሉ ሳልሰማው እነዳ ነበር። እዚህ ግን ከጸጥታው መሀል ብቻውን ይወጣል።

ማርቆስ ላይ አንድ የማምነው መካኒክ አለ፤ ዕድሜውን ሙሉ ከአይሱዙና ከቶዮታ ሥር የኖረ ሰው። ኤሌክትሪክ መኪና ሳመጣበት ፊቱን አጨማዶ «ልጄ፣ እኔ ሽቦ አልነካም» አለኝ። «ሽቦ አይደለም ጋሼ፣ ድምፅ ነው» አልኩት። በክሪክ አነሳት፤ ከሥሯ ገብቶ ጎማውን ወደፊትና ወደኋላ በእጁ ወዘወዘው። ከዚያ ጠራኝ፦ «ና፣ እጅህን እዚህ ላይ አድርግ።» ሴሚያሱን ጨበጥኩት። ጎማውን በትንሹ ሲያዞረው ሴሚያሱ ወዲያው አይከተልም፤ የፀጉር ያህል ይዘገይና ከዚያ በመዳፌ ውስጥ «ቃ» ይላል። «ኩሽኔታ አይደለም» አለ። «ኩሽኔታ ያጉረመርማል። ይሄ ጥርስ ነው። ሴሚያሱ ጎማው የሚታሰርበት ሞዞ ውስጥ የሚገባበት ጥርስ ላልቷል። ፈትቼ ግሪስ ላደርግልህ፣ ዳዶውንም በልኩ ላጠብቅልህ እችላለሁ። የተበላ ጥርስ ግን በግሪስ አይበቅልም።»

አደረገልኝ፤ ለጥቂት ሳምንታት ድምፁ ጠፋ። ከዚያ ተመለሰ፣ ያውም ብሶበት።

አሁን ለሻጩ ልመልስለት። ካምቢዮ የላትም ያልከኝ ሐሰት ነው። ማርሽ የማይቀየርበት ይሁን እንጂ ካምቢዮ አላት። ሞተሩ በደቂቃ ከ10 ሺህ ዙር በላይ ይሽከረከራል፤ ያ ፍጥነት ጎማው ጋ ከመድረሱ በፊት ወደ አንድ አሥረኛ ገደማ መውረድ አለበት። የሚያወርደው የጥርስ ማርሽ ነው፤ ማርሹም ዘይት ውስጥ ነው የሚኖረው። ከዚያ ወደ ጎማው የሚሄደው ሴሚያስ ነው፤ እሱም ከነዳጅ መኪናው ሴሚያስ ይልቅ ብዙ ይሠቃያል። የነዳጅ መኪና ላይ እግርህን ስታነሳ ሞተሩ ትንሽ ይይዛል እንጂ መኪናዋ ቀስ በቀስ ፍጥነቷን ትቀንሳለች። እዚህ ግን እግር በተነሳ ቁጥር ሞተሩ ራሱ ጄኔሬተር ሆኖ ጎማውን ጭምድድ አድርጎ ይይዘዋል። ወደፊት ሲጠመዘዝ የነበረው ሴሚያስ በቅጽበት ወደኋላ ይጠመዘዛል። ረገጥክ፣ ወደፊት፤ ለቀቅክ፣ ወደኋላ። ጥርሱ መሀል ክፍተት ካለ በእያንዳንዱ መገላበጥ አንድ ጊዜ ይጋጫል። ሜዳ አገር ላይ ይህ ብዙም ላይሰማ ይችላል። እኛ ግን መውጫችን አባይ በረሃ ነው።

እስቲ ስለ አባይ በረሃ ላውራ፤ የዚህች መኪና ፍቅሬም ንዴቴም ያለው እዚያ ነው። ከማርቆስ ደጀን 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከደጀን በኋላ ምድሩ ያልቃል። መንገዱ እየተጠማዘዘ ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዶ ወንዙ ላይ፣ በጃፓን እርዳታ የተሠራው የህዳሴ ድልድይ ጋ ያደርስሃል፤ ከዚያ ደግሞ ያንኑ ያህል ወደ ጎሐ ጽዮን መውጣት አለ። በዚያ ቁልቁለት የጭነት መኪኖች የፍሬን ሸራ ሽታ ገደሉን ሲሞላው የእኔዋ ፍሬን ሳትነካ ትወርዳለች። እግሬን አነሳለሁ፣ ትይዛለች፤ ይዛም ባትሪዋን ትሞላለች። ድልድዩ ጋ ስደርስ ባትሪው ከደጀን ጫፍ ላይ ከነበረው ከፍ ብሎ ነው የማገኘው። ይህን ለሰው ስናገር ይስቁብኛል፤ ግን ተአምር አይደለም። 1,800 ኪሎ የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ወደላይ ለማውጣት ለከፍታው ብቻ 5 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ያስፈልጋል፤ ሲወርድ ደግሞ ከዚያ ከፊሉ ይመለሳል፣ ያ ብቻ ነው። ማስጠንቀቂያ ቢጤ ግን ልጨምር፤ ባትሪው ጢም ብሎ ሞልቶ ቁልቁለት አትጀምሩ። የሚገባበት ቦታ ሲያጣ ሞተሩ መያዙን ይተዋል፤ ያኔ ያላችሁ ተራው ፍሬን ብቻ ነው።

ዳገቱስ? የነዳጅ ሞተር ከፍ ባለ ቁጥር አየር ይሳሳበታል፤ በየ1,000 ሜትሩ ጉልበቱን 10 በመቶ ገደማ እያጣ፣ እኛ ጋ ሲደርስ ሩቡን ያህል ጥሎ ነው የሚመጣው። ይህች ግን የአየሩ መሳሳት አይገባትም። ከድልድዩ ወደ ላይ ከኤፍኤስሩ ኋላ ተደብቄ ቆይቼ፣ መንገዱ ነጻ መሆኑን አይቼ ስረግጣት ጀርባዬ ወንበሩ ላይ ይለጠፋል። ሻጩ ስለዚህ የነገረኝ እውነት ነው፤ እንዲያውም አሳንሶ ነው የነገረኝ።

እና በየመጠምዘዣው፦ ለቀቅ፣ «ቃ»፤ ረገጥ፣ «ቃ»። ደስታዬን የምትሰጠኝ መንገድ ናት ጥርሱን የምትበላው።

አዲስ አበባ አስመጪው ጋ ሄድኩ። ከጎጃም አዲስ አበባ መሄድ በዚህ ጊዜ ብድግ ተብሎ የሚደረግ ነገር አይደለም፤ መንገድ የሚዘጋበት ቀን አለ፣ ቢከፈትም ቤተሰብ እስክትደርስ ድረስ ስልክ ከእጁ አይለይም። ይህን ሁሉ አልፌ ደርሼ፣ ንጹሕ ሸሚዝ የለበሰ ልጅ አጠገቤ ተቀምጦ ግቢውን አንድ ጊዜ ዞረና «ኖርማል ነው» አለኝ። «የኤሌክትሪክ መኪና ባሕርይ ነው።»

ባሕርይ! ስገዛት ለምን ይህ ባሕርይ አልነበራትም?

ቆይቶ እኔን የመሰሉ ሌሎችም ሲመጡባቸው ነገሩ ተለወጠ። አሁን ቋንቋው «ፋብሪካው ያውቀዋል» ሆኗል። ጥርሱ ጠበቅ ያለ የተሻሻለ ሴሚያስ ተሠርቷል፤ ሞተሩ ከመሳብ ወደ መያዝ ሲገለበጥ እንዳይደነግጥ የሚያደርግ ሶፍትዌርም አለ። ቻይና ውስጥ ላሉ ባለቤቶች በነጻ እየተቀየረ ነው። «ለኛም ይመጣል።» መቼ? «በሂደት ላይ ነው።»

ያንን «በሂደት ላይ» ቆፈር ሳደርገው ያገኘሁት ከድምፁ ይብሳል። ፋብሪካው የሚቀይረው በሻንሲ ቁጥር ነው፤ የእኔ ሻንሲ ቁጥር ደግሞ እነሱ መዝገብ ላይ ቻይና ውስጥ እንደተሸጠ መኪና ነው የሚታየው። ለአገር ውስጥ ገበያ የተሠራች መኪና ነጋዴ ከዚያ ገዝቶ ወደዚህ አሻገራት። ስክሪኗ በቻይንኛ የሚያወራውም፣ ሶፍትዌሯ በኢንተርኔት የማይታደሰውም ለዚህ ነው። ፋብሪካው «ወደ ሸጠላችሁ ሂዱ» ይላል፤ የሸጠልኝ «ፋብሪካውን እየጠበቅን ነው» ይላል። እኔ መሀል ላይ ነኝ፤ ተሰልፌያለሁ፣ ስሜ ግን ከተራው ዝርዝር ውስጥ የለም።

አሁንም ሻጩን በሐሳቤ ፊቴ አቁሜ እጠይቀዋለሁ። «ዋስትና አላት» ብለኸኝ ነበር፤ የማን ዋስትና? የፋብሪካው ነው ወይስ የሱቅህ? የሱቅህ ከሆነ መለዋወጫው መደርደሪያህ ላይ የት አለ? «እኛ መኪና ነው የምናስመጣው እንጂ…» ይለኛል። ተው እንጂ! መኪና ያለ መለዋወጫ የሚያስመጣ ሰው ግማሽ መኪና ነው የሸጠው።

በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ለሸማች መብቶች ይዘረዝራል። ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት ትክክለኛ መረጃ ማግኘት አንዱ ነው፤ ለደረሰበት ጉዳት መካስም አለ፤ በትሕትናና በአክብሮት መስተናገድም አለ። በዚህ በመጨረሻው አልማቸውም። ሻይም፣ የታሸገ ውኃም፣ «ይቅርታ ጋሼ»ም ሳይጎድል ነው የተስተናገድኩት። የቀሩትን ሁለቱን ነው የምጠብቀው።

«የትም አገር እንዲህ ነው፣ አዲስ ቴክኖሎጂ ነው» የሚሉኝ አሉ። አዎ፣ የትም አገር ይበላሻል። የሚለየው ከተበላሸ በኋላ ያለው ነው። ቴስላ የመጀመሪያዋን ስፖርት መኪናውን ሮድስተርን በ2008 እ.ኤ.አ. ማስረከብ ሲጀምር ባለ ሁለት ማርሽ ካምቢዮው አልጸና አለው። የመጀመሪያዎቹን መኪኖች ካምቢዮውን ሁለተኛው ማርሽ ላይ ቆልፎ ሰጠ። 97 ኪሎ ሜትር በሰዓት ለመድረስ 4 ሰከንድ ገደማ የተባለላት መኪና 5.7 ፈጀባት። ግን ገዢዎቹ ይህን እያወቁ ነው የተረከቡት፤ በኋላም ባለ አንድ ማርሹ ካምቢዮ ሲደርስ በነጻ ተቀየረላቸው። ፖርሼ በ2014 እ.ኤ.አ. አዲሱ 911 ጂቲ3 ፒስተኑን ከሞተሩ ዘንግ የሚያያይዘው የቢዬላ ብሎን እየላላ እሳት ሲያስነሳበት፣ ለ785ቱም መኪኖች ባለቤቶች «አትንዱ» ብሎ የሁሉንም ሞተር ቀየረ። እኔ ሙሉ ሞተር አልጠየቅሁም። ሁለት ሴሚያስና አንድ ሶፍትዌር ነው የምፈልገው። ከሁሉ በፊት ደግሞ «መኪናህ ችግር አለበት፣ እስኪመጣ ድረስ እንዲህ አድርገህ ንዳ» የሚል አንድ ወረቀት።

ሌላውን በአጭሩ ልለፈው። ባትሪው እስካሁን አላሳፈረኝም። ወንበሩ ምቹ ነው። ሆዷ ዝቅ ያለ ስለሆነ ኮብልስቶኑ ላይ ጥንቃቄ ትፈልጋለች፤ ባጃጆቹም ሲያልፉኝ ይስቁብኛል። ቤት ውስጥ ሌሊት እሞላታለሁ፣ መብራት ካለ። ከጣና በሚወርድ ውኃ 460 ሜጋዋት የሚያመነጨው በለስ ከጎናችን ሆኖ፣ የሞላ ባትሪ ለማግኘት መብራት የምንጠብቅበት ሌሊት አለ፤ የአባይን ልጅ ውኃ ጠማው ማለት ይህ ነው።

«ቪትዝ ብትገዛ ኖሮ» የሚለኝ ዘመድ በየለቅሶውና በየሠርጉ አይጠፋም። አያ፣ ቪትዙን ከየት ላምጣው? በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ የቀረው ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው አሮጌው ነው፤ ከዚያ በፊትም ከሰባት ዓመት በላይ ያገለገለ መኪና እስከ 500 በመቶ ኤክሳይዝ ታክስ ተጥሎበት ዋጋው ሰማይ ነክቷል። በዚያ ገንዘብ የደከመ ሞተር ገዝቼ በነዳጅ ሰልፍ ላይ ከምውል፣ «ቃ» እያለች የምትበርረውን እመርጣለሁ። ትናንትና ብትጠይቁኝ «ትገዛ» እል ነበር፤ ከድልድዩ ጎሐ ጽዮን ስወጣ ብትጠይቁኝ ደግሞ ቤቴን ሽጬ ሁለተኛ እደግም ነበር። ዛሬ ጠዋት ግን ደውዬላቸው «በሂደት ላይ ነው» ተብያለሁ፤ ስለዚህ የዛሬ መልሴ፣ መኪናዋን ግዙ፣ ከእነሱ ግን አትግዙ ነው። ከማንም ብትገዙ ገንዘቡን ከመቁጠራችሁ በፊት ሻንሲ ቁጥሩን ተቀበሉና ፋብሪካው ለየትኛው አገር ገበያ እንደሠራት አስጠይቁ፤ መለዋወጫ የሚያስቀምጡበትንም መጋዘን በዓይናችሁ እዩ።

እኔ አልሸጣትም። መካኒኬ ግሪሱን ሊያድስልኝ ቀጠሮ ይዞልኛል፤ እስከዚያ መጠምዘዣ ላይ እግሬን በዝግታ ነው የማነሳው፣ የመያዝ ኃይሉንም ዝቅተኛው ላይ አድርጌዋለሁ። መንገዱ ደህና ሲሆን አዲስ አበባ እመለሳለሁ። በዚህ ጊዜ ግን ግቢያቸውን መዞር የለም። ያንን «ኖርማል ነው» ያለኝን ልጅ፣ ከተቻለም ሥራ አስኪያጁን፣ ከጎኔ አስቀምጬ፣ ሬድዮኑን አጥፍቼ፣ ከጎሐ ጽዮን እስከ ድልድዩ አወርደዋለሁ። ሻዩን እኔ እጋብዛለሁ፣ ደጀን ላይ።