ጋላክሲ ዙን ሞክሩት (ነፃ ነው)

ህዋ የምትወዱ ሰዎች ጋላክሲ ዙን እስካሁን ካላያችሁት ዛሬውኑ ግቡ። ዙኒቨርስ የሚባለው ሳይት ላይ ነው ያለው፣ ክፍያ የለውም፣ አካውንት ሳትከፍቱም መጀመር ይቻላል። የጋላክሲ ፎቶ ያመጣላችሁና ይጠይቃችኋል፣ ለስላሳ ነው ወይስ ዲስክ (እንደ ሳህን ጠፍጣፋ ቅርፅ) አለው፣ ጠመዝማዛ ክንድ ይታያል ወይ፣ ከጎኑ ካለው ጋር እየተጋጨ ነው ወይ፣ እናንተ እያያችሁ ክሊክ ማድረግ ነው። አንዱን ፎቶ ብዙ ሰው ስለሚያየው የሁሉም መልስ ተደምሮ ነው ለተመራማሪዎቹ የሚደርሰው፣ እሳሳታለሁ ብላችሁ አትፍሩ።

በፈረንጆቹ 2007 ሲጀመር ቀረብ ያሉ ጋላክሲዎች ነበሩ፣ እኔን የያዘኝ ግን በ2025 የገቡት የጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ ፎቶዎች ናቸው። አንዳንዱ ብርሃን ጉዞ ከጀመረ ከ12 ቢሊዮን አመት በላይ ሆኖታል፣ ያኔ ፀሐይም መሬትም አልነበሩም፣ የዩኒቨርስ እድሜ ደግሞ 13.8 ቢሊዮን ስለሆነ የምታዩት ገና የልጅነቱን ጊዜ ነው። ህዋ እየተለጠጠ ሲሄድ ብርሃኑም አብሮ ይለጠጣል፣ ስለዚህ ከነዛ ሩቅ ጋላክሲዎች አልትራቫዮሌት ሆኖ የወጣው እኛ ጋ ሲደርስ ኢንፍራሬድ ሆኗል፣ በአይን አይታይም፣ ዌብ ደሞ የተሰራው ይሄንኑ ለመያዝ ነው። ፎቶው ላይ ያለውን ቀለም የሰጡት ባለሙያዎቹ ናቸው።

ዜና ላይ እንደምናያቸው የሚያምሩ ፎቶዎች ከጠበቃችሁ መጀመሪያ ቅር ይላችኋል፣ አብዛኛው ትንሽ ብዥ ያለ ነገር ነው። ግን ቁም ነገሩ ያለው እዛው ነው! ከዌብ በፊት በነበረው በሃብል ቴሌስኮፕ ሲታዩ ቅርፅ የሌላቸው የሚመስሉ ብዙ ጋላክሲዎች በዌብ ሲታዩ ዲስክ ሆነው ተገኙ፣ እንደዛ በጊዜ ይኖራል ብሎ የጠበቀ ብዙም አልነበረም፣ ስለዚህ "ዲስክ አለው ወይ" የሚለውን ጥያቄ ቸኩላችሁ አትለፉት።

አንድ በጣም የምወደው ታሪክ አለ፣ ድሮ ተሳታፊዎቹ ትናንሽ ክብ አረንጓዴ ነገሮች አስተውለው "አተር" ብለው ሰየሟቸው፣ ሲጠኑ በሚገርም ፍጥነት ኮከብ የሚፈጥሩ ትናንሽ ጋላክሲዎች ሆኑ፣ ኋላ ዌብ በ2022 ባነሳው የመጀመሪያው ጥልቅ ፎቶ ላይ ብርሃናቸው ከነሱ ጋር የሚመሳሰል በጣም ሩቅ ጋላክሲዎች ተገኙ። ይሄ ሁሉ የመጣው ሳይንቲስት ያልሆኑ ሰዎች ዝም ብለው ስላላለፉ ነው።

ስልክ ላይ ይሰራል፣ ለደብዛዛዎቹ ግን ኮምፒውተር ይሻላል፣ ብራይትነሱንም ከፍ አድርጉት። ግራ የሚያጋባ ነገር ካያችሁ ቶክ የሚለውን ተጭናችሁ ጠይቁ።