የሥራ ክርክር ለገጠማችሁ የኮምቦልቻ ሠራተኞች፦ ምስጋናና ጥቆማ

የኮምቦልቻ ፋብሪካ ሠራተኞችን ጉዳይ የምንከታተል ሰዎች በአደባባይ ልናመሰግናቸው የሚገቡ አንድ ጠበቃ አሉ። ቢሯቸው ደሴ፣ ፒያሳ አካባቢ ነው። ስማቸውን እዚህ አንጽፍም፤ በውስጥ መስመር ለጠየቀን እንነግራለን። ጠበቃ የማያስፈልገውን ሰው «ይህን ራስህ ትጨርሰዋለህ» ብለው ሳያስከፍሉ ይሸኛሉ፤ የሚያስፈልገውን ደግሞ ቀን ሳያልፍበት ይይዙለታል። እግዜር ይስጥልን።

የስንብት ደብዳቤ ይዛ ለመጣች ልጅ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «መቼ ፈርመሽ ተቀበልሽ?» ነው። ቀኑን ኮፒው ጥግ ላይ በእርሳስ ይጽፉና ሦስት ወር ቆጥረው የመጨረሻዋን ቀን ያከብቧታል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ወደ ሥራ የመመለስ ጥያቄ ውሉ በተቋረጠ በሦስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ፣ ማለትም የመክሰሻ ጊዜው በማለፉ፣ ይታገዳል። ያልተከፈለ ደመወዝና የትርፍ ሰዓት፣ እንዲሁም ከስንብቱ ጋር የተያያዘ ክፍያ የስድስት ወር ጊዜ አላቸው።

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ሽማግሌ ይልካል፣ የሰው ኃይል ኃላፊው «ትንሽ ታገሥ» ይለዋል፣ ሦስቱ ወር ሳይታወቀው ያልቃል። ሽምግልናው ይቀጥል፣ ደግ ነገር ነው፤ ይርጋን ግን አያቆምም። ይርጋን የሚያቋርጠው ለፍርድ ቤት ወይም ለሚመለከተው የመንግሥት የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የቀረበ አቤቱታ፣ አለዚያም አሠሪው መብታችሁን በጽሑፍ ማመኑ ነው።

የቀረባችሁ የአንድ ሁለት ወር ደመወዝ ብቻ ከሆነና የሥራ ውሉና የባንክ መግለጫው በእጃችሁ ካለ፣ ያለ ጠበቃ ክሰሱ። ሠራተኛ በሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም። ክሱን መጻፍ ከከበዳችሁ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣልና እዚያ ጠይቁ። የስንብቱ ምክንያት ስርቆት ወይም በንብረት ላይ የደረሰ ጉዳት ከሆነ ግን ብቻችሁን አትግቡ። በዚያው ነገር የወንጀል ምርመራ ሊከፈት ይችላል፤ ለፋብሪካው የዲሲፕሊን ኮሚቴ የጻፋችሁት ቃልም ተከትሏችሁ ይመጣል። ስለዚህ የሥራ ክርክርንም ወንጀልንም የሚያውቅ ጠበቃ ያዙ፤ ቃል ከመስጠታችሁ በፊት ቢሆን ደግሞ ይሻላል። ፋብሪካው ነገረ ፈጅ አለው፣ እናንተም ባዶ እጃችሁን አትቁሙ።

እኚህ ጠበቃ የቤትና የውርስ ጉዳይ ሲመጣባቸው አይነኩም፣ ወደሚያውቀው ሰው ይልካሉ። ይህን እንደ ትልቅ ነገር እናየዋለን፤ ሁሉንም እይዛለሁ ከሚል ጠበቃ ራቁ። ቤት ለምትገዙ ግን አንድ ነገር እንበል፦ ጠበቃ የሚያስፈልገው ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት ነው። ውሉን ያፈረሰው ገዢ ከሆነ ቀብዱን ያጣል፤ ሻጩ ከሆነ እጥፉን ይመልሳል። ቤቱ የባልና ሚስት ከሆነ የሁለቱም ፈቃድ መኖሩን ሳታረጋግጡ ብር አትቁጠሩ።

ማንንም ብትይዙ በቅድሚያ የክልሉ ፍትህ ቢሮ የሰጠውን የጥብቅና ፈቃድ እዩ፣ መታደሱንም አረጋግጡ። በፍርድ ቤት በር ላይ «ጉዳይ አስፈጽማለሁ» የሚል ሁሉ ጠበቃ አይደለም። የክፍያ ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ ይግባኝንና አፈጻጸምን (ፍርዱን ማስፈጸምን) ይጨምር እንደሆነ በግልጽ ይጻፍ። አፈጻጸም የራሱ መዝገብ ያለው ሥራ ነው፣ ፈርዶልኝ ገንዘቤን አላገኘሁም የሚለው ሮሮ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ይህ ሳይነሳ ስለሚቀር ነው። በውክልናው ላይ «ገንዘብ መቀበል» እና «መታረቅ» የሚሉት ቃላት መኖራቸውን እዩ፤ ጠበቃው በእናንተ ስም ይህን እንዲያደርግ ካልፈለጋችሁ አስወጧቸው። የሥራ ክርክር ይግባኝ ጊዜው ውሳኔው ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ 30 ቀን ብቻ ስለሆነ፣ በውሳኔው ማግሥት የፍርዱን ግልባጭ ጠይቁ።

ወደ እሳቸው ስትሄዱ የሥራ ውሉን፣ የስንብት ደብዳቤውን፣ የተሰጣችሁን ማስጠንቀቂያ ሁሉ፣ የሥራ መታወቂያውንና የስድስት ወር የባንክ መግለጫ ያዙ። ኦሪጅናሉን ለማንም አትስጡ፤ ኮፒ ይበቃቸዋል።