ራጅ ወይስ ሲቲ ስካን?

የደረት ራጅ 0.1 ሚሊሲቨርት (የጨረር መጠን መለኪያ) ገደማ ጨረር ይሰጣል፤ ይህም ማንኛውም ሰው በሁለት ሳምንት ውስጥ ከአፈርና ከሰማይ ከሚያገኘው ጋር ይቀራረባል። ብዙ የራጅ ምስሎችን በኮምፒውተር አዋህዶ የሚያሳየው የደረት ሲቲ ግን ከ6 እስከ 7 ሚሊሲቨርት ይደርሳል። ጨረሩ የሕዋስን ዘረመል ሊሰብር ይችላል። አብዛኛው ይጠገናል፣ በትክክል ያልተጠገነው ግን ከዓመታት በኋላ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል። ለልጆች ስጋቱ ከፍ ይላል። ማሽኑ ከጠፋ በኋላ ሰውነት ውስጥ የሚቀር ጨረር የለም።

ራጅ፦ ርካሽ ነው፣ በደቂቃዎች ያልቃል። የሚያበላሸው ብረት ነው። የአንገት መስቀልን ወደ ጀርባ ማዞር አይበቃም፤ ጨረሩ አካልን ዘልቆ ስለሚያልፍ ጥላው ሳንባው ላይ ያርፋል፣ ፎቶውም ይደገማል። ክሩ አይጋርድም፤ ማተቡን ሳይበጥሱ መስቀሉን ከአገጭ በላይ ከፍ ማድረግ ይቻላል። ትንፋሽን ስቦ መያዝም አይረሳ።

ሲቲ፦ ውድ ነው። ከሞጣ ባሕር ዳር ድረስ መሄድን ሊጠይቅ ይችላል። ምስሉን የሚያጎላ መድኃኒት (ኮንትራስት) በመርፌ የሚሰጥ ከሆነ የኩላሊት ሕመምንና አለርጂን አስቀድሞ መናገር ግድ ነው።

በሁለቱም እርግዝና ከተጠረጠረ ከመነሳት በፊት ይነገር፤ ለሆድ ምርመራ አልትራሳውንድ ሊበቃ ይችላል። ልጅ የሚይዝ ሰው ጨረር የሚከላከል የእርሳስ ብረት (ሊድ) ሽርጥ ይልበስ። የድሮው ፊልም አይጣል፤ ሪፈር ሲባል ይዞ መሄድ ድጋሚ መነሳትን ያስቀራል።

ለሳል፣ ለሳንባ ምችና ለእጅ ስብራት ራጅ ይቅደም። ጭንቅላቱን ተመትቶ ለሚያስታውክ ወይም ራሱን ለሳተ ግን የራስ ቅል ራጅ የአንጎል ደም መፍሰስን አያሳይምና በቀጥታ ሲቲ።